ከነጥብ ሰንጠረዥ የጠፋው 60



ፈተና ታርሞ ሲያልቅ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ባሉ ትምህርት ቤቶቻችን የነጥብ ሥራ ይጀመራል። ቀድሞ በሮስተር ወረቀትና በካልኩሌተር ይሠራ የነበረው ዛሬ በብዙ ቦታ ወደ ኤክሴል ተዛውሯል። ብዙ ሰው «ኮምፒውተር አይሳሳትም» ብሎ ሳያጣራ የሚያልፈውም እዚህ ላይ ነው።

አንዲት ተማሪ በሒሳብ 60 አገኘች እንበል። መዝጋቢው በዜሮው ፈንታ የእንግሊዝኛዋን «ኦ» ፊደል ቢመታ ለዓይን ልዩነቱ እምብዛም ነው። ለኤክሴል ግን ያ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ ጽሑፍ ሆኗል። ሲደምር ይዘለዋል፤ አማካይ ሲያወጣም ለአሥር ማካፈሉን ትቶ ለዘጠኝ ያካፍላል። «ተሳስቷል» የሚል ድምፅ አያሰማም። ልጅቱ 60 ነጥብ ከድምሯ ጎድሎ፣ ደረጃዋ ወርዶ፣ ካርዷን ይዛ ወደ ቤት ትሄዳለች። ይህ የሰው ሐቅ ነው፤ ነጥብ መዝጋቢም አማና የተሸከመ ሰው ነው።

በ2020 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር የጤና ባለሥልጣኖች የቆየ የኤክሴል ፋይል ተጠቅመው ነበር። ፋይሉ ከ65,536 መስመር በላይ አይቀበልምና 15,841 የኮሮና ሕሙማን ከዕለታዊ ቆጠራው ቀርተዋል።

ታዲያ እንዴት ይገኛል? ዓምዱን መሐል ካላስያዙት ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል፤ ያፈነገጠችው ሣጥን ራሷን ታጋልጣለች። የተሻለው ግን «ዳታ ቫሊዴሽን» በሚለው ትእዛዝ ከ0 እስከ 100 ያለ ቁጥር ብቻ ብሎ መወሰንና «ሰርክል ኢንቫሊድ ዳታ» የሚለውን መጫን ነው። ከወሰኑ የወጣውን ሁሉ በቀይ ይከበዋል።

90 የነበረው 9 ተብሎ ቢጻፍስ? 9 ከወሰኑ ውስጥ ስለሆነ ቀይ ክብ አያገኘውም። ለዚህ የቀደሙት ዑለሞች ሙቃበላ የሚሉት ሥራ ይሻላል። ኪታብ የገለበጠ ደረሳ ግልባጩን ከአስሉ ጋር እያነበበ ያመሳክራል፤ የተዘለለውን ቃል በኅዳጉ ጽፎ «ሰሕ» የሚል ምልክት ያደርግበታል። የተሳሳተውንም ከመፋቅ ይልቅ መሰረዙን ይመርጡ ነበር፤ ምን እንደነበረ ይታያልና።

እኛም እንዲሁ አንዱ ከፈተናው ወረቀት ያንብብ፣ ሌላው ስክሪኑን ይከታተል። ስሕተት ሲገኝ ሣጥኑ ቢጫ ይቀባ፤ የቀድሞው ቁጥርና የታረመበት ቀን በኮሜንት ይጻፍበት። የክፍሉ ኃላፊ አይቶ እስኪፈርም ቢጫው አይነሣ።