የሐሳብ እረኛ

ልጅ ሳለሁ ከብት ጠብቄያለሁ። መስከረም ላይ፣ አዝመራው ሲያምር፣ አንዲት ላም አፏን ማሳ ውስጥ ካስገባች የባለ እርሻው ቁጣና ዱላ የሚያርፈው በእኔ ላይ ነበር። እህሉ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ግን ዛፍ ሥር ጋደም ብዬ «ከብቶቹ እዚያ አሉ» ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ቡድሃም ስለ ሐሳብ ሲያስተምር ይህንኑ እረኛ ማንሣቱ ገረመኝ። ነገሩ ያለው «ማጅሂማ ኒካያ» በተባለው የ152 ስብከቶች ስብስብ፣ በ19ኛው ውስጥ ነው። ወደ ፍጹም ንቃት ከመድረሱ በፊት ሐሳቡን ለሁለት እንደከፈለው ይናገራል፦ በአንድ ወገን የሥጋ ምኞት፣ ቂምና ጭካኔ፤ በሌላው ወገን ምኞትን መተው፣ ቂም አለመያዝና ርኅራኄ። የመጀመሪያዎቹ በፓሊ ቋንቋ አኩሳላ፣ ሁለተኛዎቹ ኩሳላ ይባላሉ። የአኩሳላ ሥሮች ሦስት ናቸው፦ ስስት፣ ጥላቻና የልብ መታወር።

ኩሳላ «መልካም» ብቻ ሳይሆን «ብልህ፣ ባለሙያ» ማለትም ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ክፉ ሰው ነኝ ወይ?» ሳይሆን «ይህ ሐሳብ ወዴት እየነዳኝ ነው? እኔን ወይስ ሌላውን ይጎዳል?» የሚል ነው። እረኛ ላሚቱን አይጠላትም፤ ከማሳው ይመልሳታል እንጂ።

ይበልጥ ያስደነቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። መልካሙን ሐሳብ ሌት ተቀን ቢያስቡት አያስፈራም፤ ግን ሲበዛ ሰውነትን ያደክማል፣ የደከመ ሰውነትም ልብን ያውካል ይላል። ዛፍ ሥር የሚያርፈው እረኛ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እኛ «በጎ በጎውን አስብ» ብለን ስንመክር፣ ከማሰብም ማረፍ እንዳለ እንረሳለን።

ሰሞኑን አንድ ሰው በስብሰባ መካከል አቃለለኝ። ሦስት ሌሊት ሙሉ መልስ ሳዘጋጅለት አደርኩ፤ መልሱም በየሌሊቱ እየተሳለ ሄደ። ሰው ደጋግሞ ወደሚያስበው ነገር ልቡ ያዘነብላል የሚለው የዚያው ስብከት ትምህርት የገባኝ ያኔ ነው፤ ሰውየው የተናገረው አንዴ ነው፣ የቀረውን ያበቀልኩት እኔ ነኝ።

በአራተኛው ሌሊት ቂሙ ሲመጣ «ይኸው፣ ላሚቱ ማሳው ጫፍ ደረሰች» አልኩና መለስኳት። ጥቂት ቆይታ ተመልሳ መጣች፤ እንደገና መለስኳት። እሸት የቀመሰች ላም በአንድ ቀን አትለምድም። ዛፍ ሥር መጋደም ያምረኛል፤ የኔ ወር ግን ገና መስከረም ነው።