«እስማማለሁ» ያለው ማን ነው?

ደብረ ታቦር ፕሌይስቴሽን ቤት የገባ ልጅ የጨዋታውን ከፍሎ ይወጣል፤ ስሙን እንኳ የሚጠይቀው የለም። በስልክ የሚጫወተው ግን ሳንቲም ሳያወጣ የስልኩን መለያ፣ ያለበትን አካባቢ፣ የሚጫወትበትን ሰዓት፣ ማይክሮፎኑን ከፈቀደም ድምፁን ለጨዋታው ኩባንያ ያስረክባል። ስልኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእናት ወይም የአባት ነው፤ ቴሌብሩም የዘመድ አዝማዱ ቁጥርም እዚያው ላይ ነው። ልጁ ከረዥሙ የእንግሊዝኛ ውል ግርጌ ያለችውን ቁልፍ ነክቶ ያልፋል (አዋቂውም ቢሆን አያነበውም)። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ፈቃድ የሚለው አውቆ የተሰጠን ስምምነት ነው። በማያነቡት ቋንቋ የተነካች ቁልፍ ይህን አታሟላም።

«የጉና ተራራ ሥር ልጅ ምን የሚደብቀው አለው?» የሚሉ አሉ። ነገሩ የምስጢር አይደለም፤ ልጁ መቼ እንደሚሰላች፣ በምን ተባብሎ እንደሚገዛ የሚያውቅ ነጋዴ ከእሱ ጋር እኩል አይደራደርም። «የውጭ ኩባንያን ማን ይነካዋል?» የሚለው ክርክር ግን ይከብዳል። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2022 እ.ኤ.አ. የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስን ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መረጃ ያለወላጅ ፈቃድ ሰብስቧል ብሎ ከስሶ፣ ኩባንያው 275 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። ያ ጉልበት የለንም። ሆኖም አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ቢያንስ አንድ ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ መጠየቅ ይችላል፤ ወላጅም ዛሬ ማታ የስልኩን ቅንብር ከፍቶ ጨዋታው ማይክሮፎኑን ለምን እንደፈለገው ማየት አያቅተውም።