ለሕክምና ወደ ውጭ ከመብረራችሁ በፊት ደላላውን ይህን ጠይቁት

ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነውና ታገሱኝ።

"ዶክተር፣ ቤታችንን ሸጠን እናታችንን ዴልሂ ልንወስዳት ነው፣ ምን ይላሉ?" የሚል ዓይነት መልእክት በውስጥ መስመር ይደርሰኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ሂዱ ያላችሁ ማነው? ብዙ ጊዜ ሐኪም አይደለም። "የሆስፒታሉ ወኪል" ነው።

ስሙን እናሳምርለት ካላልን በቀር ወኪል ማለት ደላላ ነው። ቤት ሲከራይ፣ መኪና ሲሸጥ ደላላ ኮሚሽን እንደሚወስድ ሁላችንም እናውቃለን። እዚህም ያው ነው። በህንድም ሆነ በሌሎች አገሮች የውጭ ታካሚ የሚፈልጉ የግል ሆስፒታሎች ታካሚ ላመጣላቸው ሰው ከሂሳቡ ድርሻ መክፈላቸው የታወቀ አሠራር ነው። ሂሳቡ ሲያብጥ ድርሻውም ያብጣል። ታዲያ ይህ ሰው "ቀዶ ጥገና አያስፈልጋትም፣ እዚሁ ትታከም" የሚላችሁ ምን ሊያገኝ ብሎ ነው?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ካንሰሩ በሰውነቱ የተሰራጨ ታማሚ ጉዳይ ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ካንሰር የትም አገር ቢኬድ ዕድሜ ሊራዘምበት፣ ሕመሙ ሊቀልል ይችላል እንጂ ከሥሩ አይነቀልም። ደላላው ግን "ይድናል" ይላል። ቤተሰብ ይበደራል፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ገንዘብ ይለመናል፣ ታማሚው የመጨረሻ ወራቱን ቋንቋውን በማያውቀው አገር በአስተርጓሚ ያሳልፋል። ቀጥሎ አስከሬን የማስመጣት ወጪ ይመጣል። ይህን ፓኬጁ ላይ ማን ጻፈላችሁ?

ያልተጻፈ ሌላም አለ። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይጥለው የሚወስደው መድኃኒት አለ፤ ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ በየቀኑ ነው፣ በደም ውስጥ ያለው መጠንም ይለካል። ደላላው ስልኩን ከዘጋ በኋላ ይህን የምንከታተለው እዚህ ያለን ሐኪሞች ነን። ንቅለ ተከላው ራሱ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል መሠራቱን ለስንቶቻችሁ ነገራችሁ?

መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችም አብረው ይሳፈራሉ። ኤንዲኤም-1 የሚባለው፣ ጠንካራ አንቲባዮቲኮችን ሳይቀር የሚያከሽፍ ኢንዛይም መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 ህንድ ታክሞ ስዊድን በተመለሰ ሰው ላይ ነበር።

አትሂዱ አላልኩም። እዚህ የማይሠራ ሕክምና አለ። የጨረር ሕክምና ወረፋ ወራት ሲፈጅ "ጠብቁ" ለማለት እኔም አፍ የለኝም፤ ደላላውን ያደለበው ይኸው የእኛ ጉድለት ነው። ግን መሄድ ካለባችሁ የላካችሁ የሚያክማችሁ ስፔሻሊስት ይሁን። የፓቶሎጂ ውጤታችሁንና የሲቲ ስካን ሲዲውን ያዙ። ስትመለሱ የሚከታተላችሁን ሐኪም ሳትሄዱ በፊት አግኙት።

ደላላውን ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ከሂሳቡ ስንት ፐርሰንት ታገኛለህ? ችግር ቢፈጠር ተጨማሪውን ማን ይከፍላል? ይድናል ያለውን ሐኪም ስምና ፊርማ ያለበት ወረቀት ታመጣልኛለህ?

የመለሰላችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የሰውና የሆስፒታል ስም ግን አትጥቀሱ።