ስንገባ ፎርም፣ ስንወጣ ዝምታ

እኛ መግባት እንጂ መውጣት አናውቅበትም። የመሥሪያ ቤታችን ቁጠባና ብድር ማኅበር ሲመዘግበን ፎርሙን እየተሳሳቅን ሞላን። ሥራ ስንቀይርስ? ድምፃችንን አጥፍተን ውልቅ! “ለዚችም ብር ተመልሰው መጡ” እንዳንባል። ይሉኝታ ማለት ይህቺ ናት።

ቆይ፣ ብሩ የማን ሆነና? ከደሞዛችን በየወሩ የተቆረጠ የራሳችን ቁጠባ እኮ ነው! በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት አባልነት በፈቃደኝነት ነው። ወደን ከገባን ወደን እንወጣለን።

ደብዳቤው ደግሞ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ቀን፣ ስም፣ የአባልነት ቁጥር፣ “አባልነቴ ተቋርጦ ቁጠባዬና የዕጣ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ” የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ፊርማ። አለቀ። በሁለት ኮፒ አዘጋጅተን አንዱን እንስጥ፤ ሁለተኛው ላይ “ደርሶናል” አስብለን፣ ማኅተም አስመትተን እናስቀምጥ። ደሞዝ ከፋዩም ግልባጭ ይድረሰው፤ አለበለዚያ መቆረጡ ሊቀጥል ይችላል።

ብድር ካለብንስ? ያኔ ዝምታችን ከይሉኝታም ያልፋል። እኛ ስንጠፋ የሚጠየቀው አምኖን ዋስ የሆነልን ባልደረባችን ነው። እዳችንን ተነጋግረን፣ ፈርመን እንውጣ። ይሉኝታ ካለን ለእሱ ይሁን።