«ቅርጫት» ብሎ የሚፈልግ የለም

ባለፈው ክረምት ሺሺንዳ እናቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ዝናቡ ሩቅ ስለማያስኬድ ጠዋት ጠዋት ጎረቤታችን ጋሼ ዘንድ ጎራ እያልኩ ሥራቸውን አይ ነበር። ጋሼ ከቀርከሃ ቅርጫት ይሠራሉ፤ ከቡና ማሳቸው ውስጥ ከወደቀ ዋንዛ ደግሞ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይፈለፍላሉ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው የቴሌግራም ቻናል ከፍቶላቸዋል። ገብቼ አየሁት። ፎቶዎቹ ምንም አይወጣላቸውም። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ያለው ጽሑፍ ግን ያው አንድ ነው፦ «ቆንጆ ባህላዊ ዕቃ፣ በውስጥ መስመር ያናግሩን»። ከዚያ ሃሽታጉ ይደረደራል፦ #ኢትዮጵያ #ሀበሻ #ቡና #ባህል #ፍቅር።

ፍቅር እዚህ ምን ይሠራል ብዬ ልጁን ጠየቅኩት።

«ብዙ ሰው ስለሚፈልገው ነዋ» አለኝ።

በስምንት ወር የተሸጠው አራት ቅርጫት ነበር። ሁለቱን የገዛችው ደግሞ አክስቴ ናት።

ልጁ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ የነገሩን ግማሽ ይዟል። ብዙ ሰው የሚፈልገው ቃል ጥሩ ይመስላል። ግን ብዙ ሰው የሚፈልገውን ቃል ብዙ ሻጭም ይለጥፈዋል። #ኢትዮጵያ ብሎ ቅርጫት መለጠፍ መርካቶ መሃል ቆሞ «ዕቃ አለ!» ብሎ እንደመጮህ ነው። ማን ይዞራል? በዚያ ላይ #ኢትዮጵያ ብሎ የሚፈልገው ሰው ዜና፣ ኳስ ወይም ዘፈን ነው የሚፈልገው። ቅርጫት ሊገዛ የወጣ አይደለም።

ኢኮኖሚክስ ስማር ከወደድኳቸው ጽሑፎች አንዱ ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ መረጃ ኢኮኖሚክስ ያሳተመው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መፈለግ ራሱ ወጪ ነው ይላል። ገዢ የሚፈልገው ምርጡን ዕቃ እስኪያገኝ አይደለም፤ አንድ ተጨማሪ ሱቅ ማየት ከሚያስገኝለት የሚያስወጣው እስኪበልጥ ድረስ ብቻ ነው። ያኔ ወጪው ከሱቅ ሱቅ መዞር ነበር። ዛሬ የዳታ ፓኬጅ፣ ባትሪና ትዕግሥት ነው። አዲስ አበባ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ስልኳን የምትነካካ ልጅ ሦስት አራቴ ወደ ላይ ስባ ካላገኘችህ፣ ለእሷ የለህም። ቅርጫትህ የቱንም ያህል ቢያምር የለህም።

ስለዚህ አንድ ነገር ሞከርኩ። የጋሼን ትልቁን ቅርጫት ፎቶ ለአዲስ አበባ ጓደኞቼ ላኩና «ይሄን ለመግዛት ብትፈልጉ ስልካችሁ ላይ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዷ «የልብስ ቅርጫት» አለች። ሁለቱ «ላውንደሪ ባስኬት» አሉ፣ እንዲሁ በአማርኛ ፊደል። አንዱ «የቤት ዲኮር» አለ። ልጅ የወለደችው ጓደኛችን ደግሞ «የመጫወቻ ማስቀመጫ» ብላ ጻፈች። «ባህላዊ ዕቃ» ያለ አንድም ሰው የለም። ዝም ብሎ «ቅርጫት» ያለም የለም።

ይሄ ጥናት አይደለም፣ የጓደኛ ጨዋታ ነው። ግን ነገሩን ያሳያል። ጋሼ ዕቃውን የሚጠሩት በተሠራበት መንገድ ነው፣ ገዢዋ የምትጠራው በምታደርግበት ሥራ ነው። ፍለጋ ላይ የሚያሸንፈው የገዢዋ ቃል ነው። ሶልሬብልስን አስታውሱ። ቤተልሔም ጥላሁን ዘነበወርቅ ሰፈር የመሠረተችው የጫማ ድርጅት፣ እኛ በረባሶ የምንለውን ጫማ ይዞ ነው ዓለም ገበያ የወጣው። በረባሶ የሚለው ቃል ለእኛ ሙሉ ታሪክ ነው፣ ለውጭ ገዢ ግን ድምፅ ብቻ ነው። እዚያ ያስገባው «ከአሮጌ ጎማ የተሠራ» የሚለው ነው፤ ያንን የሚፈልግ ሰው ስላለ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጣጣ የኛው የአማርኛ ነው፤ የእንግሊዝኛ ምክር ሰጪዎችም አይነግሯችሁም። ቀርከሃ፣ ቀርከሀ፣ ቀርቀሃ፤ ሦስቱም ይጻፋሉ። ሸምበቆ የሚለውም አለ። ዕቃ እና እቃ፣ ሥራ እና ስራ፣ ሀበሻ እና ሐበሻ። ለኛ አንድ ናቸው፣ ለሃሽታግ ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። «የ» ደግሞ አለችላችሁ። #ቀርከሃ እና #የቀርከሃ ለማሽኑ ሁለት ናቸው፤ አንዱን የነካ ሌላውን አያይም። ሃሽታግ ውስጥ ክፍት ቦታ አይፈቀድም፣ ስለዚህ #የልብስ_ቅርጫት ብሎ በሰረዝ ማያያዝ የግድ ነው፤ አለበለዚያ የቀረላችሁ #የልብስ ብቻ ነው። ዋጋና ልክ ፎቶው ላይ በቀለም የምትጽፉ ሰዎችስ? ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍ ቻናሉ ውስጥ ሲፈለግ አይገኝም። እዚያው ከሥሩ በፊደል ይጻፍ።

(ለምን አንድ ወጥ አጻጻፍ አንይዝም የሚል ክርክር አውቃለሁ። እሱ የቋንቋ ሊቃውንት ሥራ ነው። ቅርጫት ሻጭ ሊቃውንቱ እስኪስማሙ አይጠብቅም፣ ሦስቱንም ይጻፍ።)

በላቲን ፊደል የባሰ ነው። የቴሌግራም ዩዘርኔም የሚቀበለው የላቲን ፊደል ብቻ ነው። ቀሚስን አንዱ በኬ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኪው። ካፋንማ ተዉት፤ አንዱ ባለ ሁለት ኤፍ፣ ሌላው ባለ አንድ፣ አንዱ ከኬ ቀጥሎ ኤ፣ ሌላው ኢ። በባለ ሁለት ኤፉ ብትፈልጉ በመካከለኛው ዘመን የጄኖዋ ነጋዴዎች ክራይሚያ ላይ የያዙት ወደብም ይመጣል፣ እሱም ካፋ ይባል ነበርና። በአማርኛ «ከፋ» ብላችሁ ስትጽፉ ደግሞ ሁኔታው ከፋ፣ ኑሮ ከፋ፣ ሆዴ ከፋ የሚል ዜናና ዘፈን ይዘንብላችኋል። ዞናችን በስሙ ምክንያት ሁልጊዜ አዝኖ ነው የሚውለው።

ቦንጋስ? እንግሊዝኛ ላይ ቦንጋ ማለት በመጀመሪያ ናይጄሪያ ባሕር ውስጥ ያለ የነዳጅ ማውጫ ነው። ቀጥሎ የአንጎላ ዘፋኝ ነው። ቀጥሎ በምዕራብ አፍሪካ የሚበላ ዓሣ ነው። የኛ ከተማ፣ የቡና ሙዚየም ያላት ከተማ፣ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ትጋፋለች። (የቦንጋ በግ ግን ለራሱ አያንስም፤ የበግ ርቢ ያጠኑ ሁሉ ያውቁታል።)

እዚህ ጋ አንድ ስህተቴን ልናገር። ለበርጩማው ቃል ስመርጥ «የጅማ በርጩማ» ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቴ ግልጽ ነበር፤ የጅማ በርጩማና ወንበር ውጭ አገር ያሉ ዕቃ ሰብሳቢዎች ዘንድ ሳይቀር ስም አለው። ጅማ የሚል ፈላጊ አለ፣ ሺሺንዳ የሚል የለም። ቅርጹም ይቀራረባል፤ ማን ያውቃል አልኩ። ለጋሼ ሳነብላቸው መጥረቢያቸውን አስቀመጡና ዝም ብለው አዩኝ።

«ጋሼ፣ ለገበያ ነው እኮ፣ ሰው የሚያውቀው የጅማን ነው» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ጅማ የሄድኩት ለሐኪም ቤት ነው። በርጩማ ተሸክሜ አልሄድኩም» አሉኝ።

አፈርኩ። ያፈርኩት ስለ ባህል ብቻ አይደለም፤ ይሄንንም ተምሬው ነበርና ነው። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ያሳየው ይህንኑ ነው። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካቃተው ለሁሉም የሚከፍለው የመጥፎውን ዋጋ ነው። በዚህና ከዚህ በተከታተሉ ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል ተሸልሟል። ወደኛ ገበያ ስናመጣው፦ ፋብሪካ ያተመውን ጨርቅ «በእጅ የተሠራ» ብሎ የሚለጥፍ ሁሉ ከእውነተኛው ሸማኔ ኪስ ነው የሚያወጣው፤ ገዢዋ አንዴ ከተታለለች በሚቀጥለው «በእጅ የተሠራ» የሚለውን ቃል ስታይ ዋጋ ጨምራ አትከፍልም። እኔም «የጅማ» ብዬ ስጽፍ የማደርገው ያንኑ ነበር፤ በትንሹ።

ታዲያ ማንም የማይፈልገውን ሺሺንዳን መጻፍ ምን ይጠቅማል? ጓደኛዬ «ስሜታዊ ሆነሃል» ብሎኛል። አይደለሁም። የልብስ ቅርጫት የፈለገች ልጅ ሁለት ጊዜ ትፈልጋለች። በመጀመሪያው ዕቃውን ትፈልጋለች፤ ያኔ «የልብስ ቅርጫት» እና «ላውንደሪ ባስኬት» ያመጧታል። ቅርጫቱ ደርሷት ከወደደችው፣ ወይም እህቷ አይታ «ከየት ገዛሽው?» ካለቻት፣ ሁለተኛው ፍለጋ የሻጩን ስም ነው። ለመጀመሪያው ፍለጋ ብዙ ሰው የሚጽፈው ቃል ያስፈልጋል። ለሁለተኛው ማንም ሌላ ሻጭ የሌለው ቃል ያስፈልጋል። ሺሺንዳ እንደዚያ ነው፤ ነዳጅም ዘፋኝም ዓሣም የለበት።

ይሄን የተረዳሁት በሌላ መንገድ ነው። የጋሼን ቅርጫቶች ፎቶ አዲስ አበባ ባለ አንድ የመሸጫ ገጽ ላይ አየሁት። «አፍሪካን ሃንድሜድ» ተብሏል። ዋጋው ጋሼ ከሚሸጡበት ሦስት እጥፍ በላይ ነው። ትርፉ አላናደደኝም። ከዚህ አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ ዕቃው አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ነው የሚሄደው፣ የሱቅ ኪራይ አለ፣ የሚሰበር አለ። ያናደደኝ ጽሑፉ ውስጥ ካፋ የለም፣ ሺሺንዳ የለም፣ ቀርከሃ እንኳ የለም። አፍሪካ አህጉር ነው እኮ! ያንን ቅርጫት የወደደች ሰው ሁለተኛ ለመግዛት መመለሻዋ ያ ገጽ ብቻ ነው። ቃሉን የያዘ ደንበኛውን ያዘ።

ለአገራችን ይሄ አዲስ ትምህርት አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት ከስታርባክስ ጋር የተጋጨችው ለምን ነበር? ቡናው እዚያው ነበር፣ ክርክሩ ስሙ የማን ነው የሚል ነው። በ2007 ስምምነት ላይ ተደረሰ። በነዚያ ሦስት ስሞች ውስጥ ካፋ አልነበረም። የቡና መገኛ ነን እያልን፣ ጫካችን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቦ፣ ስሙን ሌላ ሲጽፈው ቆመን አየን።

ለቅርጫትና ለበርጩማ እንደዚያ ያለ ክርክር አያስፈልግም፣ ሕጉ አለ። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የማኅበር አባላት በጋራ የሚጠቀሙበትን ምልክት ማስመዝገብ ይፈቅዳል። የዞኑና የወረዳው ኢንተርፕራይዝ ቢሮዎች ወጣት ማደራጀት ያውቁበታል፤ የእጅ ሙያተኛውን አደራጅተው አንድ ስም፣ አንድ አጻጻፍ፣ በአማርኛም በላቲንም፣ ያስመዝግቡለት። ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የትኛው አጻጻፍ የራሳችን እንደሆነ መወሰኑም ይቀላል። ሥልጠና ሲሰጡ ደግሞ «ሶሻል ሚዲያ ተጠቀሙ» ብለው ከሚለቋቸው አንድ ከሰዓት ብቻ ቃል መምረጥ ያሳዩዋቸው። የመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ሁለት ሦስት ፊደል ጽፎ ስልኩ ራሱ የሚጠቁመውን ማየት ነጻ ነው፤ ሰው ምን እንደሚጽፍ ከዚያ በላይ የሚነግር የለም።

እንደ ኢትሲ ያሉ የውጭ ገበያዎች ላይ ዘመድ ያላችሁ፣ እዚያ የሚፈቀደው ለአንድ ዕቃ 13 ታግ ነው፣ እያንዳንዱም ከ20 ፊደል አይበልጥም። ጠባብ ስለሆነ ያስተምራል። ፍቅርን ለማስገባት ቦታ የለም።

ለጋሼ የጻፍንላቸው በመጨረሻ ይሄ ነው፦ «የልብስ ቅርጫት (ላውንደሪ ባስኬት)፣ ከቀርከሃ በእጅ የተሠራ፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ክዳን አለው፣ ሺሺንዳ፣ ካፋ»። ከሥሩ አምስት ሃሽታግ። በርጩማው «በርጩማ፣ ከአንድ ግንድ ዋንዛ፣ ሺሺንዳ» ሆነ። ጅማ ወጣች። ሽያጩ ተአምር አልሆነም፤ ግን አክስቴ ያልሆኑ ሰዎች እየገዙ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛ «ሽሽንዳዎች፣ የቅድሙ ዓይነት ሌላ አላችሁ?» ብላ ጻፈች። ሽሽንዳ ብላ። ልጁ ያንንም አጻጻፍ ሃሽታጉ ላይ ጨምሮታል።