ስጦታ የሌለበት ልውውጥ

ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ወደ ጣና ዳር የሄደ ሰው ያየናል። ዋርካው ሥር፣ ጀበናው ከተጣደበት አጠገብ፣ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። አሥራ አምስት፣ አንዳንዴም ሃያ እንሆናለን። የስብሰባችን ስም «የቋንቋ ልውውጥ» ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ከግርጌዋ «ጀማሪዎችም ኑ፤ አትፍሩ» ትላለች። ክርክሬ ከዚህች ወረቀት ጋር ነው። ወረቀቷ ሁለት ጊዜ ትዋሻለች፤ አንድ ጊዜ «ልውውጥ» ስትል፣ አንድ ጊዜ «አትፍሩ» ስትል።

ከሁለተኛው ልጀምር። ጀማሪ ሆኖ የመጣ ሰው ምን ያገኛል? ሦስት አራት ልጆች አሉ፤ ታውቋቸዋላችሁ፤ በትልልቅ ከተማ የግል ትምህርት ቤት ያደጉ፣ እንግሊዝኛው በአፍንጫቸው የሚወጣላቸው። እነሱ ያወራሉ። ስለ ፊልም፣ ስለ ኳስ፣ ስለ አሜሪካ ምርጫ። የቀረነው ራሳችንን እንነቀንቃለን። አቦሉ ይጠጣል፣ ቶናው ይከተላል፣ ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ትጠልቃለች፣ አቧራችንን አራግፈን እንነሣለን። «እንዴት ነበር?» ለሚለን «አሪፍ ነበር» ነው መልሳችን። ሌላው ሲናገር መስማት ከሆነ ጥቅሙ፣ ለዚያማ ስልክ አለ፤ ቢያንስ የቡና አያስከፍልም።

አንድ ቅዳሜ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ደፈረች። ከእንጅባራ አካባቢ የመጣች ልጅ ናት። ወሬው ስለ ሴቶች ትምህርት ነበርና የምትለው ነገር ነበራት። «አይ አም አግሪ» ብላ ጀመረች። ወዲያ ማዶ አንዱ ሳቀ። ሳቁ ድርቆሽ እንዳገኘ እሳት ክቡን ዞረው። ልጅቷ ነገሯን አልጨረሰችም። ምን ልትል እንደነበር እስከ ዛሬ አናውቅም፤ የጠየቃትም የለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም፤ ከዚያም ወዲህ አልመጣችም።

ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ። የእኔ እንግሊዝኛ ከእሷ ቢበልጥ በሁለት ጣት ነው። እንዲያውም የሳቅሁት ለዚያ ይመስለኛል። የሳቀ ሰው እንደሚያውቅ ይቆጠርለታላ!

«ታዲያ ሰው አይሳቅ ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይሳቅ። በ1649 እ.ኤ.አ. ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሮም ላይ ከአገራችን መነኮሳት ጋር ተገናኘ። ከነሱም ዋነኛው የአምሐራው ሰው፣ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ሉዶልፍ ግእዝን የለቀመው ከመጻሕፍት ብቻ፣ ያለ መምህር ነው። የብራና መጽሐፍ አቀረቡለትና «እስቲ አንብብ» አሉት። ማንበብ ሲጀምር ሳቃቸውን መቻል አቃታቸው፤ አባ ጎርጎርዮስ ደግሞ ከሁሉም ባሱ። ነገር ግን ሳቁ ብለው አላባረሩትም፤ እሱም አፍሮ አልተነሣም። ትርጉሙን ሲናገር ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1652፣ አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን ድረስ ሄደው ጎታ ከተማ አብረው ተቀመጡ። የሚግባቡበት ግእዝ ለሁለቱም የእናት ቋንቋ አልነበረም። ልብ በሉ፤ ሁለት ሰዎች ለማናቸውም ባልሆነ ቋንቋ ተቀምጠው አማርኛን ሲቀባበሉ! መነኩሴው በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ተሰብሮ ባሕር በላቸው። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ግን በ1698 ታተመ። ያ ሁሉ የጀመረው በሚያስቅ ንባብ ነው።

ሮም ድረስ ምን አስኬደኝ? ጎጃም ውስጥ ተቀምጠን! ዋሸራና ጎንጅ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግእዝ አፍ የፈታበት ቋንቋ አይደለም። ግን «መጀመሪያ ጥሩ አድርገህ እወቀው፣ ከዚያ ትናገራለህ» ብሎ የሚያስቀምጠው የለም። ገና ከጅምሩ በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይሞክራል። ቆጥሮ ያመጣትን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ሰምተው ያቃናሉ፤ ተማሪው ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። በቅኔ ቤት የመናገር ግዴታ ያለበት ጀማሪው ነው። እኛ ግን ጀማሪውን ዝም አሰኝተን አዋቂውን እናስለፈልፋለን።

አሁን ወደ «ልውውጥ» ልምጣ። ሰፈር ለሰፈር «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ የሚዞረውን ሰው ታውቁታላችሁ። ልዋጩ እንኳ አሮጌ ሱሪ ወስዶ የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጣል። እኛ ሐይቅ ዳር ማን ለማን ምን ይሰጣል? እንግሊዝኛ የሚያውቀው የሚያውቀውን ያሳያል፤ የማያውቀው አለማወቁን ይዞ ይመለሳል። ይህ ልውውጥ ሳይሆን የልብስ ትርኢት ነው።

በዚያ ክብ ውስጥ ግን ስንት ቋንቋ እንደተቀመጠ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ባለፈው ወር ቆጠርሁ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ አገውኛ (የአዊዎቹ አውኚም፣ የሰቆጣው ኽምጣንጋም)፣ ሲዳምኛ። ስድስት ቋንቋ አፉን ዘግቶ ሰባተኛውን ያዳምጣል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና ይኖራቸዋል ይላል። መንግሥት ዕውቅና ሰጠ እንበል፤ የአልጋ ጎረቤትስ?

የእኔ የአልጋ ጎረቤት የወለጋ ልጅ ነው። እናቱ ስትደውልለት ስልኩን ይዞ ኮሪደር ይወጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ «ሚስጥረኛ ነው» እያልሁ አማሁት። አንድ ቀን ብጠይቀው «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው» አለኝ። እንዴት ያለ ጊዜ ላይ እንደምንኖር እናንተም ታውቃላችሁ፤ አላብራራውም። በእናቱ ቋንቋ ከእናቱ ጋር ለመነጋገር ከክፍሉ የሚወጣ ሰው አጠገቤ ተኝቶ፣ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ አሜሪካ ምርጫ ራሴን ስነቀንቅ ከርሜያለሁ።

«አስተምረኝ» አልሁት። መጀመሪያ የማሾፍ መሰለው። ከዚያ «ለፈ» ማለት መሬት እንደሆነ ነገረኝ፤ አናባቢው ሲረዝም ግን «ላፋ»፣ ለስላሳ ይሆናል። አማርኛችን አናባቢ አርዝሞ ትርጉም ስለማይለይ ጆሮዬ አልያዘውም። መሬቱን ሁሉ ለስላሳ አደረግሁት፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ተበቀልሁት። «ዋና» ሲጠብቅና ሲላላ አንዱ ጣና ውስጥ እንደሚያስገባ፣ ሌላው ዋና ነገር እንደሆነ ነገርሁት። «የዋና መምህር» እና «ዋና መምህር» ላይ ግማሽ ሌሊት አደርን። አማርኛን በሦስት ዓመት እንደተማረ፣ ማንም ግን መጥበቅና መላላትን ቁጭ ብሎ አስረድቶት እንደማያውቅ ያን ሌሊት ነው የሰማሁት። እኔም ቢሆን አማርኛ የሚጠብቅና የሚላላ መሆኑን ያስተዋልሁት ለእሱ ሳስረዳ ነው። እሱ ሰጠኝ፣ እኔም ሰጠሁት። ልውውጥ የምለው ይህን ነው።

መልሳችሁ ይገባኛል። «ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የመውጫ ፈተናም በእንግሊዝኛ፤ ኦሮምኛህና አውኚህ ሥራ ያስቀጥረናል ወይ?» እውነት ነው፤ እንግሊዝኛ ይልመድ። ጠላቴ እንግሊዝኛ አይደለም። ግን ከሁለት ሰዓት ውስጥ አንዱን ሰዓት ለእርስ በርሳችን ብናውለው የትኛው ፈተና ይወድቃል? ደግሞ «የቋንቋ ነገር ፖለቲካ ነው፤ አትንካው» የሚሉ አሉ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ፊደል አስቆጥሯል፤ የዘመተው ተማሪም ያን ጊዜ ፖለቲካ አልጎደለበትም። ባንነካው ፖለቲካነቱ ይቀራል? ዝምታው ራሱ ነው ፖለቲካ የሆነው።

ቡናችንን ስንጠጣ ከፊታችን ታንኳ ያልፋል። ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት ነገደ ወይጦ ቀድሞ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ዛሬ አፍ የሚፈቱት በአማርኛ ነው። አጥኚዎች ያን ቋንቋ ፍለጋ ሲመጡ ያገኙት በአማርኛቸው መሐል የቀሩ ቃላትን ብቻ ነው። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ማዕድ የሚቀርባቸው አልነበረም። አብሯቸው ያልበላ ጎረቤት አብሯቸውስ እንዴት ያውራ? እነሱ የእኛን ተማሩ፤ ከእኛ ወገን የእነሱን ለመማር ተሳስቶ የተሳቀበት ሰው ስለመኖሩ ሰምቼ አላውቅም። ጀርመኑ ሉዶልፍ ለእኛ ያደረገውን እኛ እዚሁ ውኃ ዳር ለጎረቤታችን አላደረግንም። ቃሉን ጠልቼዋለሁ እንጂ፣ ያም «ልውውጥ» ሳይባል አይቀርም።

ስለዚህ ለቅዳሜው የምጠይቀው ይህ ነው። አዋቂው የመጀመሪያውን ሰዓት ይስማ። ጀማሪው ይቅደም፤ ነገሩን እስኪጨርስ ማንም አያርመው። ከዚያ ይታረም፤ መሳቅም ይቻላል። በሁለተኛው ሰዓት እንግሊዝኛው ይቁምና ሰው ሁሉ የቤቱን ቋንቋ ይዞ ለማያውቀው ይቀመጥ። እነዚያ አራት ልጆችም እስቲ አንድ ቀን ጀማሪ ይሁኑ፤ እኔ አርባ ቃል ኦሮምኛዬን ይዤ እመጣለሁ።

ያቺን የእንጅባራ ልጅ ባለፈው ሳምንት ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ አገኘኋት። ይቅርታ ጠየቅሁ። «የምን ይቅርታ?» አለች፤ ሳቄን ግን አልረሳችውም። «አውኚ ታስተምሪኛለሽ?» አልኋት። መጽሐፎቿን አቅፋ ጥቂት አየችኝና፦

«እዚያው ክቡ ውስጥ ከሆነ» አለችኝ። «ስትሳሳት ሁሉም ይስማህ።»