በልጉ ሳይቀድመን



የካቲት ከገባ ወዲህ በየደጁ አንድ ወሬ አለ። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ይነጋል፤ ልብስ ይታጠባል፣ በርበሬ ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ አቧራው ይነሳል፣ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ቆርቆሮው በበረዶ ይደበደባል። ይኼኔ «አይ ዘንድሮ! በበጋ ዝናብ?» ይባላል። ማኅበራችን ይህን ወሬ ማረም ተገቢ ሆኖ አግኝቶታል። ያለጊዜው መጣ ለተባለ ዝናብ ማንም አይዘጋጅምና።

ይህ ዝናብ ያለጊዜው አልመጣም። በልግ ነው። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች በልግን ከየካቲት እስከ ግንቦት ይቆጥሩታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበጋ የሚነፍስብን ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ደረቅ ንፋስ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀኑ ፀሐይ ነው። ከዚያ ፀሐይ ወደ ሰሜን እያዘነበለች ትመጣለች። መጋቢት 11 ገደማ ቀንና ሌሊቱ እኩል ይሆናል። ሚያዝያ 5 ገደማ ደግሞ በአዲስ አበባ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ በዚያን ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ደጅ የቆመ ሰው ጥላውን ከእግሩ ሥር ያገኘዋል። ልጆቻችን ወጥተው ቢያዩት ጥሩ ትምህርት ነው።

ምድሩ ሲሞቅ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል እርጥብ አየር ይገባል። ያ አየር በቀትሩ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፣ ላይ ሲደርስ ቀዝቅዞ ደመና ይሆናል። ጠዋት ብራ ሆኖ ከሰዓት የሚዘንበውም ለዚህ ነው። ከዝናቡ ቀድሞ አቧራ የሚያስነሳው ንፋስ ከደመናው ሥር የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ደግሞ በረዶው ቀልጦ ሳያልቅ ይደርስብናል።

ዝናቡን መርገም አይገባም። እኛ ልብሳችን ረጠበ ብለን ስናማርር፣ የወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬ በዚሁ ዝናብ ይዘራል። በ1976 ዓ.ም. በልጉ መቅረቱ ለዚያ ክፉ ረሃብ አንዱ ምክንያት ነበር። ግንቦት 1 ቀን ለልደታ ደጅ ወጥተን ንፍሮ ስንቀምስ የሚያካፋብንም ይኸው በልግ ነው።

ግን በልግ እንደ ክረምት አይታመንም። ሳምንት ጠፍቶ በአንድ ከሰዓት የሳምንቱን ያወርደዋል። የሚወርደውም በጋውን ሙሉ ቆሻሻ ሲጠራቀምበት በከረመ ቦይ ላይ ነው። ስለዚህ «ቦይ የሚጠረገው ሰኔ ሲገባ ነው» የሚለው ልማድ መቅረት አለበት እንላለን።

«ይህ የወረዳው ሥራ ነው» የሚሉም አሉ። ትልቁን ቱቦ ማስጠረግ አዎ፣ የወረዳው ነው፤ እንጠይቃለንም። በየበራፉ ያለውን ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን ወረዳው አልጣለውም። ከላይኛው ቤት የተጣለ ፌስታል የታችኛውን ቤት ያስጥለቀልቃል። እዚያ ታች ያሉት ደግሞ ብዙዎቹ አቅመ ደካማ እናቶችና አባቶች ናቸው፤ ፍራሻቸው ከራሰ ሌላ መለወጫ የላቸውም።

በዚህ መሠረት የሚከተለውን እናሳስባለን።

እያንዳንዱ ቤት ከበራፉ እስከ ጎረቤቱ ድረስ ያለውን ቦይ ይጥረግ፤ የወጣውንም ቆሻሻ ቦዩ ዳር አይተወው፣ ተመልሶ ይገባልና። የላላ ቆርቆሮ ይመታ። መብረቅ ሲኖር ዛፍ ሥር መጠለል አይገባም፤ የወደቀ የመብራት ሽቦ በፍጹም አይነካ። ትንሹ አቃቂ እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል በላይኛው ጋራ ከዘነበ ሊሞላ ስለሚችል ልጆች ከወንዙ ዳር እንዳይጫወቱ ወላጆች ይጠብቁ።

በመጪው እሑድ ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ በኅብረት እንወጣለን። አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ጉልበቱ ይበቃል። የደካሞቹን ደጃፍ ወጣቶቻችን ይጀምሩታል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። በልጉ ሰማዩን አጥቁሮ ምልክቱን ሰጥቶናል፤ የቀረው የእኛ ነው።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ልደታ